“ከኢንተርኔት” የሚባል ጋዜጠኛ የለም!

(በምሥራቅ ወለጋ አኖ ከተማ ለመምህራን፣ ለፎቶ አንሺዎችና ጽሑፍ ለሚሞካክሩ ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር ለጋዜጣ እንዲመች ሆኖ የቀረበ)



ዛሬ የምናወራው ስለ ሌባ ነው። ስለ በግ ሌባ ግን አይደለም። አኖ ውስጥ የሰው በግ ሰርቆ ገበያ ያወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በጉን ያየ ሁሉ “ይሄ የእገሌ በግ አይደለም ወይ?” ይላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሌባው ይጠየቃል፣ በጉ ለባለቤቱ ይመለሳል። የሰው ጽሑፍ ሰርቆ አደባባይ ያወጣ ሰው ግን “ጎበዝ ልጅ!” ይባላል። ላይክና ሼር ይጎርፍለታል። ባለቤቱ መጥቶ “የእኔ ነው” ቢል ደግሞ “ምቀኛ” የሚል ስም ይተርፈዋል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው።

የስርቆቱ መልክ ብዙ ነው። አንደኛው ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ኮፒ አድርጎ፣ የጸሐፊውን ስም ቆርጦ ጥሎ፣ በራስ የቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው የፎቶ ነው፤ ባለ ፎቶ ቤቱ ጥግ ላይ ያሰፈረውን ስም ከርክሞ የራስን አርማ መትከል። ሦስተኛው የዩቲዩቡ ነው፤ የሰው ጽሑፍ ከፊት ዘርግቶ፣ ድምፅን ወፈር አድርጎ፣ “ሰበር መረጃ!” ብሎ እንደ ራስ ማንበብ። አራተኛው ጨዋ መሳዩ ነው። እሱ ሰረቀ እንዳይባል ከሥሩ “ምንጭ፦ ከኢንተርኔት” ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚያደርጉት ቻናል የከፈቱ ልጆች ብቻ አይደሉም። ትልልቅ የሚባሉ የመንግሥትም የግልም መገናኛ ብዙኃን ጭምር “ፎቶ፦ ከፌስቡክ” እያሉ ሲያልፉ አይተናል።

ኧረ ለመሆኑ ኢንተርኔት መቼ ነው ከነቀምቴ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሮ አኖ የወረደው? መቼ ነው ዝናብ እየደበደበው ገበሬ ጠይቆ የጻፈው? ኢንተርኔት መንገድ ነው እንጂ ጋዜጠኛ አይደለም። በመንገድ ላይ የተገኘ በግ የመንገዱ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ በኢንተርኔት ላይ የተገኘ ጽሑፍም የኢንተርኔት ነው አይባልም።

ስም ሲፋቅ ምን ይጠፋል?

አንዳንድ ሰዎች “ጽሑፉ ለሕዝብ ከደረሰ ስም ምን ያደርጋል? ዋናው መልእክቱ ነው” ይሉናል። ለእነዚህ ሰዎች የደረሰብኝን ላውጋቸው።

ከዚህ ከጎቡ ሰዮ አካባቢ ስለ በቆሎ ዋጋና ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ጽፌ ነበር። ሦስት ቀን ዞሬያለሁ። ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች ስማችን አይጠቀስ ብለው ስለነበር አልጠቀስኩም። ጽሑፉ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። በማግስቱ ስሙን የማልጠራው አንድ የዩቲዩብ ቻናል ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው። የእኔ ስም የለም። የባሰው ግን እሱ አይደለም። ርዕሱ ተቀይሯል። የእኔ ርዕስ ስለ በቆሎና ስለ ዕዳ ነበር፤ የእነሱ ርዕስ አንዱ ሕዝብ ሌላውን ሕዝብ በረሃብ ሊፈጅ ነው የሚል ነበር። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

ካነጋገርኳቸው ገበሬዎች አንዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ እኛ እንዲህ ብለናል እንዴ? እኛ ያወራነው ስለ ማዳበሪያ አይደለም ወይ?” አሉኝ። ጎረቤት ሰምቶ ጠይቋቸዋል። ቤተሰባቸው ፈርቷል። እኔ ለቻናሉ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ከአስተያየቶቹ መሐል “ይሄ ጽሑፍ የእኔ ነው፣ ርዕሱም ሐሰት ነው” ብዬ ያሰፈርኩት ወዲያው ጠፋ።

እንግዲህ ተመልከቱ። ከእኔ የተሰረቀው የጽሑፍ ክፍያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በልቤ ይዤ እቀር ነበር። የተሰረቀው ግን የእኚህ አባት ቃል ነው። ወለጋ ውስጥ ለዓመታት ተኩስ ሲሰማ፣ ሰው ሲፈናቀልና ሲሞት የኖረበትን ጊዜ እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል። እንዲህ ባለ አገር የተቀየረ ርዕስ ክብሪት ነው። ስም ሲፋቅ ተጠያቂነትም አብሮ ይፋቃል። በስሜ የወጣ ጽሑፍ ስህተት ካለበት እኔ እጠየቃለሁ፣ እታረማለሁ፣ ፍርድ ቤትም እቆማለሁ። ስም የሌለው ጽሑፍ ግን ማን ይጠየቅበታል?

ደግሞም አትርሱ፤ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወራት ያህል፣ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም ድረስ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሰሞን እዚህ ያለው ሰው መናገር አልቻለም፤ እዚህ የሌለው ሰው ግን ስለዚህ ቦታ ሲናገር ይውል ነበር። ቦታው ላይ ሆኖ፣ ሰው ጠይቆ፣ በስሙ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ያልገባው መቼም አይገባውም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳትሉ። ሕጉማ ሞልቷል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ሰው በጉልበቱ ወይም በፈጠራ ችሎታው ያፈራውን፣ የሚዳሰስም ይሁን የማይዳሰስ፣ የግል ንብረት ብሎታል። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ተቋቋመ። ዋናው ሕግ ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል።

ይህ ሕግ በነፃ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። በካሴቱ ዘመን አንድ ድምፃዊ ሥራውን ባወጣ በማግስቱ ቅጂው በየመንገዱ ይቸበቸብ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድምፃውያንና አሳታሚዎች “ሕግ ካልወጣ አዲስ ሥራ አናወጣም” ብለው ለወራት ሥራ አቆሙ። ሕጉ በሐምሌ 1996 ዓ.ም ወጣ። ጋዜጠኛውና ፎቶ አንሺው ዛሬ የሚያስጠጋው ጥላ ድምፃውያኑ ታግለው የተከሉት ዛፍ ነው።

አዋጁ ለእኛ የሚሰጠን ምንድን ነው? አንደኛ፣ ጥበቃ ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና በወረቀት፣ በድምፅ ወይም በሌላ ነገር ላይ ከተቀረጸ፣ ከተፈጠረባት ደቂቃ ጀምሮ ያንተ ነው። ሁለተኛ፣ የጽሑፍ መብት ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ የፎቶግራፍ 25 ዓመት ነው። ሦስተኛ፣ ከገንዘቡ ሌላ የሞራል መብት አለ፤ ስምህ እንዲጠራና ሥራህ ክብርህን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም መብት። የእኔን ርዕስ የቀየረው ቻናል የነካው ይህንን ጭምር ነው። አራተኛ፣ አዋጁ በ1996 ዓ.ም ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። የሞራል ጉዳት ካሳውም ከ100,000 ብር አያንስም ይላል።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ስትሰሙ “እሰይ!” ትላላችሁ። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የቅጂ መብት ክርክር እዚሁ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚያልቅ አይደለም፤ የፌዴራል ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ለአንድ ጽሑፍ የተከፈለህ ገንዘብ ለአንድ ቀጠሮ መጓጓዣና አልቤርጎ የማይበቃ ከሆነ፣ የ100,000 ብር ካሳ ለማን ነው የተጻፈው? በሌላ በኩል ጋዜጠኛ የሚከሰስበት ሕግ ሲሆን ወረዳና ክልል፣ ሌሊትና ቀን አይመረጥም። ጸሐፊን ለማሰር የማይርቅ ፍትሕ የጸሐፊን ላብ ለማስመለስ ሲሆን ለምን ይርቃል? ይህን ጥያቄ ባለሥልጣኖቻችን ቢመልሱልን ደስ ይለናል።

ሌላም ጉድ አለ። የበርን ስምምነት የሚባለው፣ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ ሥራ እንዲያከብር የተፈራረሙት ውል፣ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከዚህ ውል ውጭ ሆና ኖራለች። የዓለም ንግድ ድርጅትም ለመግባት በ1995 ዓ.ም አመልክታ ስትደራደር ዓመታት ነጎዱ። “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የሚል ስትራቴጂ ግን በ2012 ዓ.ም በይፋ ወጥቷል። ገመዱ ሲዘረጋ በገመዱ ላይ የሚሄደው ሥራ ፓስፖርት ሳይኖረው ድንበር ይሻገር ነበር ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል እኛም እንደ አገር ንጹሕ አይደለንም፤ የፈረንጁን ልብ ወለድ ሳናስፈቅድ ተርጉመን ስንሸጥ ኖረናል።

ኮፒ ሁሉ ሌብነት አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ ሕዝቡ ምን አደረገ? በፎቶ ኮፒ እያባዛ፣ በድብቅ እየተዋሰ አነበበው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም እንደወጣ ቀረ። ያ ኮፒ የበዓሉን ስም አልሰረቀም፤ እንዲያውም ስሙን ተሸክሞ ነው የዞረው። እንደዚሁም ከ1998 ዓ.ም በኋላ ድረ ገጾች እየተዘጉ በነበረበት ዘመን፣ ሰው ጽሑፍ ቀድቶ በኢሜይልና በፍላሽ ሲቀባበል ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም መንግሥት ራሱ 264 ተዘግተው የነበሩ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ ብሎ አስታውቋል። አፍ ሲታፈን መቅዳት ማዳን ነበር። የአራት ኪሎውን የጋዜጣ ኪራይም ታስታውሳላችሁ፤ አንባቢው ሳንቲም ከፍሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል። አሳታሚው ይከስራል፤ ነገር ግን የጸሐፊው ስም ገጹ ላይ ነበር።

እንግዲህ ለማስቀረት መቅዳትና ለመንጠቅ መቅዳት አንድ አይደሉም። ሕጉም ይህን ያውቃል። ለግልህ አንድ ቅጂ መያዝ፣ ለማስተማር መጠቀም፣ ከሰው ጽሑፍ በልኩ ጠቅሶ ስሙንና ምንጩን መናገር ይፈቀዳል። ፍሬ ነገሩና ሐሳቡ ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይደለም። “የበቆሎ ዋጋ ወረደ” የሚለውን ወሬ ማንም ሊዘግበው ይችላል፤ እኔ የጻፍኩበት አጻጻፍ ግን የእኔ ነው።

ስም የመቅረት ነገር ለዚህ አገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ነቀምቴ ሄዳችሁ ስለ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትጠይቁ የኦኔሲሞስ ነሲብን ስም ትሰማላችሁ። ይገባቸዋል፤ ታላቅ ሰው ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ፤ ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ነገር ግን አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ነበረች። ለባርነት ተሸጣ ባሕር ልትሻገር ስትል እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተማረች። የመዝገበ ቃላት ሥራ ሠራች፤ 500 ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አዞረች፤ በትርጉሙም ብዙ ደከመች። በኋላም ከእነ ኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ መጥታ አስተማረች። የመጽሐፍ ቅዱሱ የፊት ገጽ የሚናገረው ግን ስለ ኦኔሲሞስ ብቻ ነው። የአስቴርን ድካም ተመራማሪዎች ቆፍረው እስኪያወጡት ድረስ ስንት ትውልድ አለፈ? አንድ ስም ከአንድ ገጽ ሲቀር ሴት ልጆቻችን “እኔም እችላለሁ” የሚሉበት አንድ ምሳሌ አብሮ ቀረ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማልቀስ ብቻ አያዋጣም። እጃችን ላይ ያለውን መሣሪያ አንድ በአንድ እንይ።

መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ። ፎቶ አንሺዎች፣ ከካሜራው የወጣውን ያልተነካካ ፋይል አትደምስሱ። ጸሐፊዎች፣ ማስታወሻ ደብተራችሁንና የድምፅ ቅጂያችሁን አስቀምጡ። የተሰረቀውን ስታዩ ሳትሳደቡ በፊት ቀኑና ሊንኩ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ። ሌባ ከተሰደበ በኋላ ማስረጃውን ያጠፋል። ዌይባክ ማሽን የሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ደግሞ ገጹን በዚያ ቀን እንዳለ ያስቀምጥላችኋል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። “ይህ ሥራ የእኔ ነው፤ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ወጥቷል፤ ወይ ስሜንና ሊንኩን አስገቡ፣ ወይ አንሱት” በሉ። ብዙዎቹ ባለ ቻናሎች የእኛው ልጆች ናቸው፤ ሳያውቁ የሚያደርጉትም አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ሦስተኛ፣ እምቢ ካሉ ለዩቲዩብ፣ ለፌስቡክ፣ ለቴሌግራም፣ ለጉግል አመልክቱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት እነዚህ ድርጅቶች የቅሬታ መቀበያ መንገድ አላቸው። በዩቲዩብ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የተቆለለበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ተከሳሹ “የለም፣ የራሴ ነው” ብሎ መልስ ከሰጠ ግን፣ እናንተ ፍርድ ቤት ካልሄዳችሁ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ማስረጃችሁ የጠራ ይሁን። ዓለም አቀፍ ውል ላይ ያለመኖር ጣጣ ሲመጣ የኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ውጭ አገር ፍርድ ቤት ከደረሰ እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አራተኛ፣ ውል ይኑራችሁ። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሌላ ስምምነት ከሌለው የሥራው መብት ወደ አሠሪው ይሄዳል። እንደ እኔ በጽሑፍ እየተከፈለው የሚሠራ ደግሞ ምኑን ሸጦ ምኑን እንዳስቀረ በወረቀት ይስፈር። “እንተዋወቅ የለ እንዴ” የሚለው ቃል ፍርድ ቤት አይቆምም።

“አቅም የሌለው ሰው ከትልቅ ድርጅት ጋር ምን ይሟገታል?” ለሚል ሰው የሄይቲውን ፎቶ አንሺ የዳንኤል ሞሬልን ነገር ልንገረው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 አገሩ በርዕደ መሬት ስትፈርስ ያነሳቸውን ፎቶዎች ትዊተር ላይ አወጣ። ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ለጠፋቸው፤ የፈረንሳዩ የዜና ወኪል ኤኤፍፒ ወሰዳቸው፤ ጌቲ ኢሜጅስም አከፋፈላቸው። የተከራከሩትም “ትዊተር ላይ የወጣ ነገር ነው” ብለው ነበር። ሞሬል ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቆሞ ተሟገተ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ዳኞቹ 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ወሰኑ። ከፈራረሰች ከተማ የተነሳ አንድ ሰው ሁለት ግዙፍ ድርጅቶችን ረታ። የረዳው ሕግ ብቻ አልነበረም፤ የራሱን ሥራ የራሱ መሆኑን ማስረዳት መቻሉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የቅጂ መብት ለባለቤቱ ጋሻ ነው፤ ባለጊዜ እጅ ሲገባ ግን የአፍ መዝጊያ ይሆናል። የሚነቅፍን ሰው ዝም ለማሰኘት “የእኔን ቪዲዮ ጠቀሰብኝ” ብሎ የሐሰት ቅሬታ ማስገባት በዓለም ሁሉ የታወቀ ዘዴ ነው። የባለሥልጣንን ንግግር ጠቅሶ መተቸት ስርቆት አይደለም። በአዋጁ ውስጥ ያለው እስራትም ከሌባው ይልቅ በተቺው ላይ እንዳይመዘዝ ዓይናችንን መክፈት አለብን። እኛ የምንለው ልጆቹ ይታሰሩ አይደለም። ስም ይመለስ፣ ላብ ይከፈል፣ የተጣመመ ርዕስ ይቃና ነው።

መንግሥትን ደግሞ እንዲህ እንጠይቃለን፤ የቅጂ መብት አቤቱታ የምናቀርብበት ደጅ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ይቅረብልን። መቶ ሺህ ብር ካሳ ከመጻፍ በትንሽ ወጪ በቶሎ የሚወስን ዳኝነት ይሻለናል። ኔትወርክም አትዝጉብን፤ ባለቤቱ ዝም ሲባል ነው ሌባው የሚናገረው።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ትልቁ ኃይል እጃችሁ ላይ ነው። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት “ይሄን ማን ጻፈው? ማን አነሳው?” ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከሌለው እለፉት። የሰረቀውን ሰው በአስተያየት መስጫው ላይ በጨዋ ቋንቋ “ባለቤቱ ማነው?” በሉት። አንድ ሰው ሲጠይቅ ያጠፋዋል፤ መቶ ሰው ሲጠይቅ ግን ያፍራል። በበግ ጉዳይ እንዲህ አይደል የምናደርገው?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶች። ባለ ፎቶ ቤቱ፣ መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ አንባቢው ካበርን የድረ ገጽ ሌባ ከአንበሳ አይበልጥም። የእኚያን ገበሬ አባት ቃል ማንም እንደፈለገ ርዕስ እየለጠፈበት ሊሸጠው አይገባም። ቃሉ የእሳቸው ነው፤ ጽሑፉም ባለቤት አለው።